ችግር የገጠመው አውሮፕላን የት ይረፍ?

በፉሪ፣ በጀሞ፣ በለቡ ወይም ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩ ከሆነ የአውሮፕላን ድምፅ ለእርስዎ ብርቅ አይደለም። ልብስ ሲያሰጡ ያልፋል፣ ቡና ሲያፈሉ ያልፋል፣ ሕፃኑን ገና እንዳስተኙም ያልፋል። አንዳንዴ ጎማው ወጥቶ፣ በጅራቱ ላይ ያለው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም እስኪለይ ድረስ ዝቅ ይላል። አብዛኛውን ቀን ቀና ብሎ የሚያየው ልጅ ብቻ ነው።

ነገሩ የሚለወጠው “ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን በቴክኒክ ችግር ምክንያት ተመለሰ” የሚል ዜና በተሰማ ማግስት ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰማይ ያያል። የእኔ ሥራ ማርኬቲንግ ነው፣ የተማርኩትም ቢዝነስ፤ መኖሪያዬ ግን ፉሪ ስለሆነ ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ሱቅ ደጃፍም የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ “ችግር ካለበት ለምን በእኛ ጣሪያ ላይ ይመለሳል? ሰው የሌለበት ሜዳ ጠፍቶ ነው?” ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መልሱም “ባለሙያዎች ያውቃሉ” ተብሎ የሚታለፍ መሆን የለበትም፤ ጣሪያውም ከጣሪያው በታች ያለው ልጅም የእኛ ነውና።

አስቀድመን አቀማመጡን እንይ። የቦሌ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት መንደርደሪያዎች አሉት። እያንዳንዳቸው 3.7 እና 3.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማሉ፣ የተዘረጉትም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብለው ነው። የምዕራቡ ጫፍ የሚያየው ወደ እኛ ነው። በሰሜን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው እንጦጦ ቆሟል። በምዕራብ ወጨጫ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል፣ በምሥራቅ ደቡብ የረር አለ፣ የራሳችን የፉሪ ተራራም ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ ለአንድ ትልቅ አውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ መግቢያ በሩ ጠባብ ነው። ነፋሱ ከምሥራቅ ሲነፍስ በእኛ በኩል መጥቶ ያርፋል፣ ነፋሱ ሲገለበጥ ደግሞ በእኛ በኩል ይነሳል። እኛን ለማስቸገር ብሎ የመረጠው መንገድ አይደለም።

“ሜዳ” የሚለውን ሐሳብ ላንሳው። የሰበታና የተፍኪ ሜዳ ከላይ ሲታይ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው፤ እዚያ ቢያርፍ ምን አለ ያስብላል። ነገር ግን አንድ ቦይንግ 737 ሲያርፍ ክብደቱ እስከ 60 ቶን ይደርሳል፣ ፍጥነቱም በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎማው ለስላሳ አፈር ሲነካ ይቀበራል። ቦይ፣ ድንጋይ፣ የቤት አጥር፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ አለ። ክረምት ከሆነ ማጡ አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እዚያ የሚጠብቀው ማንም የለም፤ አረፋ የሚረጭ የእሳት አደጋ መኪና፣ አምቡላንስ፣ የሰለጠነ ሠራተኛ የሚገኘው መንደርደሪያው አጠገብ ነው። ሜዳ የሚመረጠው ሌላ ምርጫ ሁሉ ሲያልቅ ነው። አብራሪው ሜዳ ላይ ለማረፍ ሲገደድ ከታች ያለው ገበሬም፣ እረኛም፣ ከብትም አደጋ ላይ ነው። ሰው የሌለበት ሜዳ ብለን የምንጠራው ቦታ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ደጅ ነው።

“ቅርብ” እና “ምቹ”

በአቪዬሽን ሕግ የመጨረሻው ውሳኔ የዋናው አብራሪ ነው። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው መንገድ ይጠርጋል፣ ሌሎች አውሮፕላኖችን ያርቃል፣ የአየሩን ሁኔታ ይነግራል፤ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ግን መሪውን የያዘው ሰው ነው። አብራሪው “ሜይዴይ” የሚለውን ቃል 3 ጊዜ ከደገመ ሕይወት አደጋ ላይ ነው ማለት ነው። “ፓን ፓን” ካለ ደግሞ ችግር አለ፣ ግን ገና ጊዜ አለን ማለቱ ነው።

ሁለት ሞተር ካለው አውሮፕላን አንዱ ሲጠፋ መመሪያው የሚለው በጊዜ ሲለካ ቅርብ በሆነው ምቹ አየር ማረፊያ ይረፍ ነው። ሁለት ቃል ነው፦ ቅርብ እና ምቹ። ቅርብ ሆኖ መንደርደሪያው አጭር ከሆነ፣ ጭጋግ ከዋጠው፣ የእሳት አደጋ ቡድኑ ለአውሮፕላኑ መጠን ካልበቃ ምቹ አይደለም። ምቹ ሆኖ ሁለት ሰዓት የሚያስበርር ከሆነ ደግሞ ቅርብ አይደለም። አብራሪው ይህን ሚዛን የሚሠራው ማስጠንቀቂያ እየጮኸበት፣ መመሪያ እያነበበ፣ ከረዳቱ ጋር እየተነጋገረ ነው።

የችግሩ ዓይነት ሚዛኑን ይገለብጠዋል። የአንድ ሞተር መጥፋት ያስፈራል እንጂ አውሮፕላኑ በቀረው ሞተር እንዲበር ተደርጎ የተሠራ ነው፤ አብራሪዎችም ይህንኑ በሲሙሌተር ደጋግመው ይለማመዱታል። ጭስና እሳት ግን ሌላ ነገር ነው። እ.አ.አ. በመስከረም 1998 ከኒው ዮርክ ወደ ጄኔቫ ይበር የነበረው የስዊስኤር 111 በረራ አብራሪዎች ጭስ ሲሸታቸው ወደ ካናዳዋ ሃሊፋክስ ዞሩ። ለማረፍ ከፍታቸውም ክብደታቸውም ብዙ ስለነበር ነዳጅ ለማፍሰስ ወደ ባሕሩ ዞር ብለው ሳለ እሳቱ ቀደማቸው። 229 ሰው አለቀ። ከዚያ ወዲህ አብራሪዎች ስለ እሳት ሲሰለጥኑ የሚነገራቸው በአጭሩ “አትጠብቅ፣ አውርደው” የሚል ነው። እንዲህ ያለ ችግር የገጠመው አውሮፕላን ከተማ ነው፣ መንደር ነው ብሎ ዙሪያ ጥምጥም እንዲሄድ መጠየቅ በውስጡ ባሉት ላይ መፍረድ ነው።

የቦሌ ከፍታ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አየር ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር ክንፉ እኩል ለመሸከም ፈጠን ማለት አለበት፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ጅቡቲ ላይ ከሚያርፍበት ፍጥነት በልጦ ነው ቦሌ ላይ የሚያርፈው። ጎማና ፍሬን ይበልጥ ይግላል፣ መቆሚያው ይረዝማል። የአሜሪካ ዘመድዎን ሲጠይቁ ሰምተው ይሆናል፤ ከዋሽንግተን ሲመጡ በቀጥታ፣ ሲሄዱ ግን አንድ ቦታ ቆመው ነዳጅ እየሞሉ የሚሄዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ከፍታ ነው። ሙሉ ነዳጅ ጭኖ ከቦሌ መነሳት ከባድ ነው።

ስልክዎ ላይ የሚያዩት ክብ

ፍላይትራዳር24 የሚባለውን መተግበሪያ ስልኩ ላይ የጫነ ሰው አሁን በየቤቱ አለ። ልጁን ወይም እናቱን የሸኘ ሰው አውሮፕላኑን በካርታ ይከተላል። በድንገት አውሮፕላኑ አንድ ቦታ ላይ እየደጋገመ መዞር ሲጀምር፣ የኮድ ቁጥሩም 7700 ሲሆን ቤት ውስጥ ለቅሶ ይነሳል። ያን ክብ ሲያዩ እንዳይደነግጡ ምክንያቱን ይወቁት።

አውሮፕላን ለመነሳት ከሚፈቀድለት ክብደት ይልቅ ለማረፍ የሚፈቀድለት ያንሳል፤ ልዩነቱ በመንገድ የሚቃጠለው ነዳጅ ነው። ገና እንደተነሳ ለመመለስ የተገደደ አውሮፕላን እንግዲህ ከልክ በላይ ከባድ ነው። እንደ ቦይንግ 777 እና 787 ያሉት ትልልቆቹ ነዳጁን በክንፋቸው ጫፍ አካባቢ በሚገኝ ቧንቧ አየር ላይ ማፍሰስ ይችላሉ። 737 ይህ መሣሪያ የለውም፤ ጊዜ ካለው እየዞረ ያቃጥለዋል፣ ጊዜ ከሌለው ከነክብደቱ ያርፍና ከዚያ በኋላ በመካኒኮች ይመረመራል። ስለዚህ ክብ ማለት ብዙ ጊዜ ጊዜ አለ ማለት ነው።

ከቤታችን አንጻር ካየነው የነዳጁ ጉዳይ ዋና ነገር ነው። ነዳጅ የሚፈሰው ከከተማ ርቆ በተመረጠ ቦታና መሬት ሳይደርስ ተንኖ እንዲያልቅ በበቂ ከፍታ ላይ መሆን አለበት። ይህ ሲጣስ ምን እንደሚመጣ የሎስ አንጀለስ ሰዎች አይተውታል። እ.አ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 ወደ ሻንጋይ የተነሳ የዴልታ አየር መንገድ ቦይንግ 777 ሞተሩ ችግር ገጥሞት ሲመለስ ነዳጁን ዝቅ ብሎ በትምህርት ቤቶች ላይ ረጨው። በግቢ ውስጥ ሲጫወቱ የነበሩ ልጆች ቆዳቸውና ዓይናቸው ተቃጥሎ እርዳታ ተደረገላቸው። አብራሪዎቹ ቀደም ብለው ነዳጅ ማፍሰስ እንደማያስፈልጋቸው ለተቆጣጣሪው ተናግረው ነበር። የሰፈራችን ሰው ሊጠይቅ የሚገባው “ለምን ተመለሰ?” ሳይሆን ይኼኛውን ነው፦ ነዳጁ የት ይፈሳል? ተቆጣጣሪውና አብራሪው በግልጽ ይነጋገሩበታል ወይ?

የራሳችን ታሪክ

የኢትዮጵያ ሰማይ ይህን ጥያቄ በደም ጭምር መልሶታል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሳ ቦይንግ 737 ገና እንደተነሳ የእርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባ። አብራሪው ወደ ባሕር ዳር ሊመለስ ዞረ፤ መንደርደሪያው ግን አልደረሰለትም። ጎማውን ሳያወጣ በሆዱ አረፈ፣ እሳትም ተነሳ። በውስጡ ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፤ ቀሪዎቹ ተረፉ። ቅርብ አየር ማረፊያ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ እዚያ ለመድረስ ከፍታም ጉልበትም ያስፈልጋል። ከመሬት ጥቂት መቶ ሜትር ላይ ሁለቱንም ሞተር ያጣ ሰው ምርጫ የለውም ማለት ይቻላል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.ን ማን ይረሳል? ዕለቱ እሑድ ነበር። ከጠዋቱ 2:38 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የ302 በረራ ወዲያው ችግር ገጠመው። አብራሪዎቹ ለመመለስ ጠየቁ፣ ተፈቀደላቸውም፤ ከ6 ደቂቃ በኋላ ግን አውሮፕላኑ ከቢሾፍቱ አቅራቢያ ቱሉ ፈራ በተባለ ቦታ ላይ ወደቀ። 157 ሰው፣ ሁሉም። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው “ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ሜዳ እያለ ለምን እዚያ አላረፉም?” ሲል ሰምቻለሁ። መልሱ ያማል። የጎደላቸው መንደርደሪያ አልነበረም። ከአንድ ዳሳሽ የመጣ የተሳሳተ መረጃ ያመነ ሶፍትዌር አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ይገፋው ነበር፤ አብራሪዎቹ ደግሞ ወደ ላይ ይታገሉ ነበር። አውሮፕላኑ አልታዘዝ ካለ የዓለም ረጅሙ መንደርደሪያ ከፊት ቢዘረጋ አያድንም። “የት ይረፍ” የሚለው ጥያቄ የሚሠራው አውሮፕላኑ ለመሪው እስከታዘዘ ድረስ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጥያቄ የፋብሪካው፣ የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቱ እና የሥልጠናው ነው።

እውነቱን ለመናገር የጎረቤቶቼ ፍርሃት መሠረት የለውም ማለት አልችልም። እ.አ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1992 በአምስተርዳም ሁለት ሞተሮች ከቀኝ ክንፉ ተገንጥለው የወደቁበት የኤል አል የጭነት 747 ወደ ስኪፖል ሊመለስ ሲዞር ቤይልመር በተባለ ሰፈር ያለ የመኖሪያ ሕንፃ ላይ ወደቀ። 43 ሰው ሞተ፤ ከነዚህ ውስጥ 39ኙ በቤታቸው የነበሩ ናቸው። በተቃራኒው ደግሞ እ.አ.አ. ጥር 15 ቀን 2009 በኒው ዮርክ ዳክዬ መሰል ትልልቅ ወፎች ሁለቱንም ሞተሮች ሲያጠፉበት ካፒቴን ሰለንበርገር ሁለት አየር ማረፊያ ቀርቦለት ነበር። እንደማይደርስ ሲያውቅ፣ ቢሞክርና ቢሳሳት በሰው በተሞላ ከተማ ላይ እንደሚወድቅ ሲገባው፣ ሃድሰን ወንዝ ላይ አረፈ። 155ቱም ተረፉ። ወፎቹ ከመቱት እስከ ውኃው ያለው ጊዜ 208 ሰከንድ ነበር። ያንን ውሳኔ የትኛውም ስብሰባ ቀድሞ ሊወስንለት አይችልም።

ለፈገግታ ያህል አንድ ልጨምር። እ.አ.አ. በ1983 የካናዳ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ኪሎና ፓውንድ ተቀላቅሎባቸው ነዳጁ በሰማይ ላይ አለቀ። አብራሪዎቹ እንደ ንስር እያንሳፈፉ ጊምሊ ወደምትባል ከተማ፣ ወደተተወ የአየር ኃይል ሜዳ አወረዱት። ሜዳው ግን የመኪና መወዳደሪያ ሆኖ ኖሯል፤ ያን ቀን ደግሞ ቤተሰብ ሁሉ ድንኳን ተክሎ እየተዝናና ነበር። ማንም አልሞተም። “ባዶ ሜዳ” ላይ ያለኝ ጥርጣሬ ከዚህም የመጣ ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

ፉሪ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ያለ ክፍለ ከተማ ነው፤ ትናንት የገብስና የጤፍ ማሳ የነበረው ሁሉ ዛሬ ብሎኬት ነው። አውሮፕላን በሚወርድበት መስመር ላይ ምን ያህል ፎቅ ይቁም፣ ምን ይሠራ የሚለው በማስተር ፕላን ላይ የሚወሰን ነገር ነው። ቦታ ሲገዙ ሻጩ ስለ ውኃ፣ ስለ መብራትና ስለ መንገድ ይነግርዎታል። ስለ ሰማዩ ይጠይቁት። ይህን የምለው ማርኬቲንግ የሚሠራ ሰው የትኛውን መረጃ በትንሽ ፊደል እንደሚጽፍ ስለማውቅ ነው።

ቆሻሻውም አለ። የባሕር ዳሩን አደጋ ያደረሱት እርግቦች ናቸው። ቆሻሻ ሜዳ ላይ ሲጣል፣ የሥጋ ተረፈ ምርት ወንዝ ዳር ሲከመር አሞራና ቁራ ይሰበሰባል፤ በቆሼ አካባቢ ያለፈ ሰው ከላይ የሚዞረውን መንጋ አይቶታል። የልጆች ሌዘር መብራትም ቀልድ አይደለም፤ ማታ ለማረፍ ዝቅ ያለ አብራሪ ዓይን ውስጥ ሲገባ ያሳውራል። የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ ድሮንም እንዲሁ፤ ሙሽሮቹ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ተሳፋሪ ሲሆኑ

የእርስዎ አውሮፕላን ቦሌ ማረፍ ቢያቅተው የት ይወስድዎታል? እያንዳንዱ በረራ ከመነሳቱ በፊት ተለዋጭ አየር ማረፊያ ይመረጥለታል፣ እዚያ የሚያደርስ ነዳጅም ይጫናል። ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ከአገር ውጭ ደግሞ ጅቡቲና ናይሮቢ ሊሆኑ ይችላሉ። ድሬዳዋ ከፍታዋ የቦሌን ግማሽ ያህል ስለሆነ አየሩ ለሞተርም ለፍሬንም ይመቻል። በክረምት ጭጋግ ምክንያት ድሬዳዋ አድሮ የመጣ ሰው ሲበሳጭ እሰማለሁ። አየር መንገዱ ለሆቴል፣ ለነዳጅ፣ ለተበላሸው የበረራ ፕሮግራም የሚያወጣውን ቢያስቡት፣ ያን ሁሉ ወጪ ማንም በደስታ እንደማይመርጠው ይገባዎታል። ከልጅ ጋር ሲበሩ የአንድ ቀን ወተት፣ ዳይፐርና መድኃኒት በእጅ ሻንጣዎ ይያዙ፤ ከጭነት ሻንጣ ጋር ላይገናኙ ይችላሉ።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የ961 በረራ ነዳጁ አልቆ በኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ ሲወድቅ ካፒቴን ልዑል አባተ ወደ ደሴቱ አየር ማረፊያ ለመድረስ ሞክረው ነበር፤ ከጠላፊዎቹ ጋር የነበረው ትግል አላስቻላቸውም። ውኃውን የመረጡት ለሰው ቅርብ በሆነ ቦታ፣ ሆቴል ባለበት የባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት ነው። ጎብኚዎችና የደሴቲቱ ነዋሪዎች ጀልባ ይዘው ደረሱ፤ ከ175 ሰዎች 50ው ተረፉ። ብዙዎቹን የገደለው ግን ከመውጣታቸው በፊት አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ የነፉት የሕይወት አድን ጃኬት ነው። ውኃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አንሳፍፎ መውጫ አሳጣቸው። አስተናጋጇ “ከአውሮፕላኑ ሲወጡ ብቻ ይንፉት” የምትለው ለዚህ ነው። ለልጅዎ ደግመው ይንገሩት።

ሻንጣም ይተዉ። እ.አ.አ. ጥር 2 ቀን 2024 በቶኪዮ ሃኔዳ በእሳት በተያያዘው የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ የነበሩት 379 ሰዎች በሙሉ ወጥተዋል፤ ሻንጣ ለማውረድ የቆመ ሰው መንገዱን ስላልዘጋ ነው። እኛ ገና ጎማው መሬት ሳይነካ ቀበቶ ፈትተን የምንቆም ሰዎች ነን።

ወደ ቢሾፍቱ

አዲስ አበባ ከዚህ በፊትም አየር ማረፊያዋን አዛውራለች። በ1950ዎቹ ጄት ሲመጣ የልደታው ሜዳ አልበቃ ብሎ ነው ቦሌ የተሠራው፤ ከልደታ የቀረልን “አሮጌው ኤርፖርት” የሚለው የሰፈር ስም ነው። አሁን ደግሞ ከቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ አቡሴራ በተባለ አካባቢ፣ ከቦሌ እጅግ የሚሰፋ አዲስ አየር ማረፊያ ታቅዷል። ቦታው ከቦሌ ከፍታው ዝቅ ይላል፣ ዙሪያውም ሰፊ ነው። ከሁለት ትልልቅ አየር ማረፊያዎች መካከል የሚመርጥ አብራሪ ከአንድ ብቻ ካለው የተሻለ ዕድል አለው፤ ጭጋግ አንዱን ቢዘጋ ሌላው ይቀራል፣ ድሬዳዋ ድረስም አያስኬድም። ለእኛ ለፉሪዎች በጣሪያችን ላይ የሚያልፈው ሊቀንስ ይችላል። በአቡሴራ ዙሪያ ግን ቤት ሠሪው ገና ጀማሪ ነው፤ ቦሌ በተሠራበት ጊዜ ዙሪያው እርሻ እንደነበር የሚያስታውስ አዛውንት እስካሁን አለ፤ ዛሬ መንደርደሪያው ጥግ ድረስ ፎቅ ነው። የአቡሴራን ዙሪያ ባዶ ማቆየት የሚቻለው አሁን፣ ካርታው ላይ ያለው መስመር ገና በእርሳስ እያለ ነው።